«በቂ» የኩላሊት እጥበት ስንት ነው? ከቋሊማ ልባስ እስከ ሽሮ ሜዳ

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ስትወጡ፣ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፋችሁ ዳገቱ ሳይጠና ሽሮ ሜዳ ትደርሳላችሁ። መንገድ ዳር ነጠላው፣ ጋቢውና የሐበሻ ቀሚሱ ተሰቅሎ ይውላል፤ ከሱቆቹ ጀርባ ደግሞ ከጋሞ፣ በተለይም ከዶርዜ፣ መጥተው የሰፈሩ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አድርገው መወርወሪያ ሲያመላልሱ ታገኛላችሁ። ወሬዬ የሚጀምረው ከነዚህ ሸማኔዎች ከአንዱ ቤት ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የጋሼ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏል። በሳምንት ሁለት ቀን የኩላሊት እጥበት፣ ማለትም ዳያሊሲስ፣ ያደርጋሉ። አንድ ምሽት ልጠይቃቸው ስገባ ጀርባቸውን በበሩ መቃን ላይ ሲፈትጉ ደረስኩ። መጀመሪያ «የጥጥ ብናኝ ነው» አሉኝ። ወዲያው ግን ሽመናውን ካቆሙ ስድስት ወር እንዳለፋቸው ራሳቸው ትዝ አላቸውና ሳቁ። ቀን ቀን ይሻላቸዋል፤ ሌሊት ጀርባቸውንና ክንዳቸውን እስኪደማ ያክካሉ። ቆዳቸው ላይ ግን ከጥፍር ጭረት በቀር ሽፍታ የሚባል ነገር የለም። ቅባት ሞክረዋል፣ ሳሙና ቀይረዋል፣ እንጦጦ ወጥተው ጠበል ተጠምቀዋል። ያላደረጉት ነገር ቢኖር እጥበት ክፍል ላለችው ነርስ መንገር ነው። «ኩላሊቱ የሞተበት ሰው አሳከከኝ ብሎ ስሞታ ያቀርባል እንዴ?» አሉኝ።

ከዚያ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «አንተ ኢንጂነር ነህ አይደል? ይቺ ቁጥር ምንድን ናት?» ከክብደታቸውና ከደም ግፊታቸው ሥር «ኬቲ/ቪ፦ 1.0» ይላል።

ያን ምሽት አንድ መልስ ሰጠኋቸው። «የሰውነትዎ ውኃ በሙሉ አንድ ጊዜ ታጥቧል ማለት ነው፤ የሚያሳክክዎት የቀረው ዩሪያ ነው፤ ቁጥሯ ከፍ ካለች ይተውዎታል» አልኳቸው። በልበ ሙሉነት። ኋላ ወደ መጻሕፍቱ ስመለስ ግማሹ ስህተት ሆኖ አገኘሁት። የተስተካከለውን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ግን ቁጥሯ የመጣችው ከረጅም ታሪክ ስለሆነ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።

ብራና፣ አልቅትና ቋሊማ

በ1861 ቶማስ ግራሃም የተባለ ስኮትላንዳዊ ኬሚስት እንደ ብራና በተሠራ ስስ ወረቀት ሁለት ፈሳሾችን ለያየና ምን እንደሚያልፍ ምን እንደሚቀር ተከታተለ። እንደ ጨውና ስኳር ያሉ ትንንሽ ሞለኪውሎች ወረቀቱን ሰርገው ወደ ንጹሑ ውኃ ይሻገራሉ፤ እንደ ሙጫ ያሉት ትልልቆቹ እዚያው ይቀራሉ። ማንም አይገፋቸውም፤ ብዙ ካለበት ወደሌለበት በራሳቸው ይሄዳሉ። «ዳያሊሲስ» የሚለውን ስም ያወጣው ግራሃም ነው። ከሽንት ውስጥ ዩሪያን በዚህ መንገድ መለየት እንደሚቻልም አሳይቷል።

ስለ ዩሪያ አንድ ነገር ልበል። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያና ይህኛው አንድ ሞለኪውል ናቸው። ከምንበላው ፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን ጉበት ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል፣ ኩላሊት ደግሞ ያስወጣዋል። ኩላሊት ሲቆም ዩሪያው ደም ውስጥ ይጠራቀማል። እጥበት ባልነበረበት ዘመን በሽተኛው ወደ ሞት ሲቃረብ ላቡ ደርቆ ዩሪያው ቆዳው ላይ እንደ አመዳይ ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። ሐኪሞች የኩላሊትን ሕመም ከቆዳ ጋር ማያያዝ ከጀመሩ በጣም ቆይቷል ማለት ነው።

የግራሃም ግኝት ወደ ሰው ደም ለመድረስ ከ60 ዓመት በላይ ፈጀበት። ዋናው ችግር ደም ከሰውነት ወጥቶ ቱቦ ሲነካ መርጋቱ ነው። በ1913 ባልቲሞር ውስጥ ጆን ኤብልና ባልደረቦቹ የውሻ ደም በኮሎዲየን ቱቦዎች ውስጥ ሲያሳልፉ እንዳይረጋ የተጠቀሙት ከአልቅት የወጣ ንጥረ ነገር ነበር። አዎ፣ አልቅት፤ ከብት ውኃ ሲጠጣ አፉ ውስጥ የምትጣበቀዋ። የሚመጠጠው ደም እንዳይረጋባት የምትረጨውን ነገር ነው የተዋሷት። በ1924 ጀርመናዊው ጌኦርግ ሃስ ጊሰን ከተማ ውስጥ የመጀመሪያውን የሰው እጥበት ሠራ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ቆየ። በሽተኛውን ለማዳን አይበቃም፤ ሰው እንደማይሞትበት ለማየት ግን በቃ።

ከዚያ ቪለም ኮልፍ መጣ። እኔ ይህን ሰው ከሁሉም አስበልጬ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱ ምናልባት አሠራሩ የሰፈራችንን ሰው ስለሚመስለኝ ይሆናል፤ ከተገኘው ነገር መሥራት። በ1938 ሆላንድ ውስጥ ወጣት ሐኪም ሳለ የ22 ዓመት ልጅ ኩላሊቱ ቆሞ፣ ዓይኑ ጠፍቶ፣ እያስመለሰው ፊቱ ሞተ። ኮልፍ «ከዚህ ልጅ ደም ውስጥ በየቀኑ ጥቂት አሥር ግራም ዩሪያ ባወጣ ኖሮ ይኖር ነበር» ብሎ አሰላ። ሴሎፌን የሚባለውን የቋሊማ ልባስ ወሰደ፣ ውስጡ ዩሪያ የተጨመረበት ደም አደረገ፣ ጨው ባለበት ውኃ ውስጥ ናጠው። ዩሪያው ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ጀርመን ሆላንድን ወረረች። ኮልፍ ካምፐን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዶ፣ የኢናሜል ፋብሪካ ኃላፊ የነበረው ሄንድሪክ ቤርክ እየረዳው፣ በጦርነቱ መሃል ማሽኑን ሠራ። 20 ሜትር ገደማ የቋሊማ ልባስ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ጠመጠመ፤ ማግ ቀሰም ላይ እንደሚጠቀለል አስቡት። ከበሮው ግማሽ ጎኑ ጨዋማ ውኃ በያዘ ገንዳ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ደሙ በልባሱ ውስጥ እየተጓዘ ቆሻሻውን ለውኃው ያስረክባል። ደም ከሚሽከረከር ነገር ወደማይሽከረከር ቱቦ ሳይፈስ እንዲሻገር ያደረገው መጋጠሚያ ደግሞ ከፎርድ መኪና የውኃ ፓምፕ የተኮረጀ ነው።

በ1943 የመጀመሪያዋ በሽተኛ የ29 ዓመት ሴት ነበረች። በየእጥበቱ ነቃ ትላለች፣ ትሻላለች፣ ግን በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ የደም ሥር መቆረጥ ነበረበት። 12 ጊዜ ታጥባ የደም ሥሮቿ አለቁና ሞተች። ከመጀመሪያዎቹ 16 በሽተኞች 15ቱ ሞቱ፤ በሕይወት የቀረው አንዱም ማሽኑ ነው ያዳነው ለማለት አያስደፍርም። ኮልፍ ግን አላቆመም። በመስከረም 1945 አንዲት የ67 ዓመት ሴት ራሷን ስታ ተወሰደችለት። ከናዚዎች ጋር በመተባበር ታስራ የነበረች፣ የከተማው ሰው የሚጠላት ሴት ናት፤ ሐኪሙ ግን ከናዚ ወረራ ገና የወጣ ሰው ቢሆንም አጠባት። ነቃች። ለዓመታት ኖረች፤ የሞተችውም በሌላ ምክንያት ነው። 17ኛዋ በሽተኛ ናት።

ቴፍሎን፣ ኮሚቴውና ገንዘብ

ልብ በሉ፣ የኮልፍ ማሽን የሚጠቅመው ኩላሊቱ ለጥቂት ቀን ቆሞ በኋላ ለሚነቃ ሰው ነው። እንደ ጋሼ ለዘለቄታው ለቆመበት ሰው በየሳምንቱ አዲስ የደም ሥር ከየት ይመጣል? ይህን የፈታው በ1960 የሲያትሉ ሐኪም ቤልዲንግ ስክሪብነር ነው። ምንም ነገር የማይጣበቅበትን ቴፍሎን ቱቦ አድርጎ፣ ከክንድ ደም ወሳጅና ደም መላሽ ጋር አገናኝቶ፣ ከውጭ በዩ ቅርጽ አጠፈው። እጥበት በሌለ ቀን ደሙ በዚያው ይዞራል፤ በእጥበት ቀን ተፈትቶ ከማሽኑ ጋር ይገጠማል። ቱቦውን በትክክል የሠራው ኢንጂነሩ ዌይን ኩዊንተን ነው፤ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ የሙያ ባልደረቦቼ ይቀየሙኛል። የመጀመሪያው በሽተኛ ክላይድ ሺልድስ የአውሮፕላን ፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ 11 ዓመት ኖረ። በ1966 ደግሞ ቺሚኖና ብሬሺያ ኒውዮርክ ውስጥ ቱቦውን ትተው የራሱን የሰውየውን ደም ወሳጅና ደም መላሽ ከቆዳ ሥር አገናኙ። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው። የጋሼን ክንድ ብትነኩት እንደ ወፍጮ ቤት ከሩቅ ሲንጎራጎር ይሰማችኋል።

ሲያትል ውስጥ ማሽኑ ጥቂት፣ በሽተኛው ብዙ ሆነ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሰባት ተራ ሰዎች፣ ከነሱም ውስጥ ቄስ፣ የባንክ ሰው፣ የቤት እመቤት፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪ ያሉበት ኮሚቴ ተቋቁሞ ማን እንደሚታጠብ መወሰን ጀመረ። ያልተመረጠው ይሞታል። «ላይፍ» መጽሔት ይህን ሲያወጣ አገሩ ተናወጠ፤ ዛሬ የሕክምና ሥነ ምግባር የሚባለው የትምህርት ዘርፍ ከተወለደባቸው ክርክሮች አንዱ ይህ ነው። በ1972 የአሜሪካ ምክር ቤት ወጪውን መንግሥት እንዲሸፍን ሕግ አወጣ።

እኛ አገር ለዘለቄታው የሚደረግ የኩላሊት እጥበት የተጀመረው በ2001 ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በግሉ ቅዱስ ገብርኤል አጠቃላይ ሆስፒታል። ከዚያ ሆስፒታል ከ2002 እስከ 2010 የታጠቡ 91 ሰዎችን ታሪክ የመረመረ ጥናት በ2013 ታትሟል፤ ከአንድ ዓመት በላይ የቆዩት ከግማሽ በታች ናቸው። በኋላ የመንግሥት ሆስፒታሎችም ክፍል ከፈቱ። ከሽሮ ሜዳ ብዙም በማይርቀው፣ እዚያው ጉለሌ ባለው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ደግሞ ከሚሽገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአገሪቱ የመጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ መስከረም 2008 ዓ.ም. ተካሄደ። ለጋሽ ዘመድ ላለው ትልቅ በር ነው። ለሌለው ማሽኑ ይቀራል። እንደ ሲያትል የሚወስን ኮሚቴ የለንም፤ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ኪስ ነው። ስለዚህም ብዙ ሰው በሳምንት ሦስቴ መታጠብ ሲገባው ሁለቴ ይታጠባል።

ታዲያ ሦስቴ የሚለው ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም። ሺልድስና ጓደኞቹ መጀመሪያ በሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ፣ ሙሉ ቀን ይታጠቡ ነበር። አልበቃም፤ እግራቸው መደንዘዝ፣ ነርቫቸው መሞት ጀመረ። ሁለቴ ተደረገ፤ በኋላ ሦስቴ። ሰውነት እየጮኸ ነው ቁጥሩ የወጣው።

አንድ በርሜል ውኃ

አሁን ወደ ጋሼ ወረቀት እንመለስ። በርሜል አስቡ፤ 40 ሊትር የቆሸሸ ውኃ አለበት። 70 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ በግምት ይህን ያህል ነው፤ ቪ ማለት እሱ ነው። ማሽኑ በደቂቃ 200 ሚሊ ሊትር ከዩሪያ ያጸዳል፤ ይህ ኬ ነው። ቲ ደግሞ ጊዜ። ለ4 ሰዓት፣ ማለትም ለ240 ደቂቃ ቢሠራ 48 ሊትር ያጸዳል። 48 ለ40 ሲካፈል 1.2። በቃ፣ ኬቲ/ቪ ይሄው ነው። ሊትር በሊትር ስለሚጣፋ አሃድ የላትም።

የእኔ የመጀመሪያ ስህተት እዚህ ጋ ነበር። 40 ሊትር ካለ፣ 40 ሊትር ካጸዳሁ፣ ኬቲ/ቪ 1.0 ሆነ፣ ስለዚህ ሁሉም ጸዳ? አይደለም። የጸዳው ውኃ ተመልሶ ከቆሻሻው ጋር እዚያው በርሜል ውስጥ ይቀላቀላላ! ማሽኑ ቀጥሎ የሚያገኘው ድብልቁን ነው። ሒሳቡን የሠራ ሰው የሚያገኘው 1.0 ላይ 37 በመቶው ዩሪያ እንደሚቀር፣ 1.2 ላይ ደግሞ 30 በመቶ ገደማ እንደሚቀር ነው። የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ በሁለተኛ ዓመቱ የሚሠራው ጥያቄ ነው፤ እኔ ግን አንድ ሸማኔ ቤት ሆኜ ረሳሁት።

ይህን ክፍልፋይ በ1985 ያወጡት ፍራንክ ጎችና ጆን ሳርጀንት ናቸው። የተመሠረቱት አሜሪካ ውስጥ በተደረገ፣ ውጤቱ በ1981 በታተመ ሙከራ ላይ ነው። ከ150 በላይ በሽተኞች በዕጣ በአራት ተመደቡ፤ ዩሪያቸው ዝቅ የሚል ወይም ከፍ የሚል፣ የእጥበት ሰዓታቸው አጭር ወይም ረጅም። ዩሪያቸው ከፍ ያለው ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ገቡ። ረጅም ሰዓት የታጠቡትም የተሻሉ ይመስል ነበር፤ ግን ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ደንብ «በአጋጣሚ አይደለም» ለማለት ከሚፈለገው መስመር ለትንሽ ቀረ። ለትንሽ! ከዚያ የተነሳ ብዙዎች «ጊዜ ለውጥ አያመጣም፣ ዋናው ዩሪያው ይውረድ» ብለው እጥበቱን በፍጥነት ማሳጠር ጀመሩ። አንድ ሙከራ ልዩነት አላሳየም ማለትና ልዩነት የለም ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እናንተም ላብራቶሪ ስትገቡ ይህ ጉድጓድ ይጠብቃችኋል።

የሆነው ሆኖ ዛሬ በሳምንት ሦስቴ ለሚታጠብ ሰው በአንድ እጥበት ዝቅተኛው 1.2፣ የሚታለመው 1.4 ነው። በዩሪያ ቅናሽ ሲለካ 65 በመቶ ይባላል። «በሳምንት ሦስቴ» የምትለዋን ሐረግ አስምሩባት። ሁለቴ የሚታጠብ ሰው ወረቀት ላይ 1.2 ብታዩ ያው ቁጥር ያው ትርጉም የለውም። ሦስት ጊዜ 48 ሊትር 144 ነው፤ ሁለት ጊዜ 96። ጤናማ ኩላሊቶች ደግሞ በቀን 180 ሊትር ያህል ያጣራሉ፣ በሳምንት ከ1,200 ሊትር በላይ። ንጽጽሩ ለኩላሊቱ ትንሽ ያደላል፤ ኩላሊት ካጣራው ዩሪያ የተወሰነውን መልሶ ይወስዳልና። ግን ርቀቱን ታዩታላችሁ። ማሽኑ ሲሠራም ቀላል ነገር አይጠይቅም፤ ከደሙ ማዶ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ውኃ ይፈሳል፣ በአራት ሰዓት 120 ሊትር፣ እሱም በልዩ ማጣሪያ የተጣራ። በሳምንት ስንት ቀን ቧንቧችሁ እንደሚመጣ አስቡና የእጥበት ክፍል ማስተዳደር ምን እንደሚመስል ገምቱ።

የሚያሳክከው ታዲያ ማን ነው?

ሁለተኛው ስህተቴ የባሰ ነው። ዩሪያ አያሳክክም።

ዩሪያ የሚለካው ጥፋተኛ ስለሆነ ሳይሆን ለመለካት ስለሚመች ነው። ከሌሎች ቆሻሻዎች ጋር ይጠራቀማል፣ ትንሽ ነው፣ ውኃ ባለበት ሁሉ በቀላሉ ይንቀሳቀሳል። ሠርግ ቤት ስንት ሰው እንደመጣ ለማወቅ በር ላይ ያለውን ጫማ እንደመቁጠር ነው። ይህን ቀድመው ከጠረጠሩት መካከል ስክሪብነርና ባልደረባው፣ የኑክሌር ምህንድስና ፕሮፌሰሩ ሌስ ባብ፣ ነበሩ። ሆዳቸው ውስጥ ባለው ስስ ሽፋን በኩል የሚታጠቡ ሰዎች ዩሪያቸው ከፍ ብሎ ሳለ ነርቫቸው የተሻለ ነበር። ለምን? በ1971 ባብና ስክሪብነር እንዲህ አሉ፤ ከዩሪያ የሚበልጡ፣ መካከለኛ መጠን ያላቸው መርዞች አሉ፤ እነሱ ቀስ ብለው ነው የሚሻገሩት፤ ለእነሱ የሚያስፈልገው ሰፊ ሽፋንና ረጅም ሰዓት ነው። የዩሪያ ክብደት 60 ዳልተን ነው፤ ኋላ ከታወቁት መካከለኛ መርዞች አንዱ፣ ቤታ 2 ማይክሮግሎቡሊን፣ ወደ 12,000 ይጠጋል።

ለሽሮ ሜዳ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ነጠላና ጋቢ እጠቡ። ነጠላ ስስ ነው፤ አንዴ ለቅለቅ አድርጋችሁ ስትጨምቁት ሳሙናው ይወጣል። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ውኃው ጠራ ብላችሁ ትታችሁት ስትመለሱ ገንዳው እንደገና ደፍርሶ ታገኙታላችሁ። ዩሪያ ነጠላ ውስጥ እንዳለ ሳሙና ነው። ፎስፈረስ ደግሞ ጋቢ ውስጥ እንዳለ፤ አብዛኛው በአጥንትና በሴሎች ውስጥ ስለተደበቀ ደሙ ቢጸዳም ከውስጥ እየወጣ ይተካል። እሱን የሚያወጣው ፍጥነት ሳይሆን ጊዜ ነው።

የማሳከክ ተጠርጣሪዎች ዝርዝር ከፎስፈረስ ይጀምራል። በ1968 ማስሪና ባልደረቦቹ ፎስፈረስና ካልሲየም የሚቆጣጠሩትን የፓራታይሮይድ እጢዎች በቀዶ ሕክምና ሲያወጡላቸው ማሳከካቸው በቀናት ውስጥ የተወ በሽተኞችን ዘገቡ። ሰው ሁሉ «አገኘነው!» አለ። በኋላ ግን እጢያቸው ደህና ሆኖ የሚያሳክካቸው፣ እጢያቸው ታሞ የማያሳክካቸው ሰዎች መጡ። ደረቅ ቆዳ፣ ቀስ ያለ የሰውነት ብግነት፣ የሂስታሚን ነገር እየተባለ ቀጠለ። (ለአለርጂ የሚሰጡት ተራ ኪኒኖች ብዙም አለመርዳታቸው ሂስታሚን ዋናው እንዳልሆነ ይጠቁማል።) ዛሬ ትኩረቱ ነርቭ ላይ ነው። በነርቮቻችን ላይ ሁለት ዓይነት የኦፒዮይድ ተቀባዮች አሉ፤ ሚዩ የሚባለው ማሳከክን ያባብሳል፣ ካፓ የሚባለው ያበርዳል። በኩላሊት ሕመም ሚዛኑ ወደ ሚዩ ያደላ ይመስላል። ካፓን የሚቀሰቅስ ናልፉራፊን የተባለ መድኃኒት በ2009 ጃፓን ውስጥ፣ ዳይፈሊከፋሊን የተባለው ደግሞ በ2021 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሁለቱም ውድ ናቸው። ርካሹ ጋባፔንቲን ነው፤ ለሚጥል በሽታ የተሠራ መድኃኒት ሲሆን በ2004 ቱርክ ውስጥ በ25 በሽተኞች ላይ ተሞክሮ ማሳከክን በእጅጉ ቀነሰ። ይህ መድኃኒት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ መጠኑ ለነዚህ ሰዎች በጣም መቀነስ አለበት። ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ የሚገዛ አይደለም፤ ይህን በደንብ ያዙልኝ።

እጥበቱስ? በ1970ዎቹ ከሚታጠቡት እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት ያሳክካቸው እንደነበር ተዘግቧል። ማሽኑ ሲሻሻል፣ በሺዎች በሚቆጠሩ እንደ ድር በቀጠኑ ባዶ ክሮች የተሞላው የዛሬው ማጣሪያ ሲመጣ ቁጥሩ ወረደ። በ1995 ጃፓናዊው ሂሮሺጌና ባልደረቦቹ የሚያሳክካቸው በሽተኞች ኬቲ/ቪ ከማያሳክካቸው ያነሰ መሆኑን አገኙ፤ መጠኑን ከፍ ሲያደርጉላቸውም ማሳከኩ ቀነሰ። እስካሁን ደስ ይላል። ነገር ግን በ2002 በታተመው፣ 1,846 ሰዎች በተሳተፉበት የአሜሪካ ሙከራ፣ ሦስቴ ለሚታጠብ ሰው ከ1.3 ገደማ ወደ 1.7 ማሳደግ ዕድሜ አልጨመረም። ስለ ማሳከክ በኋላ የመጡ ትልልቅ ጥናቶችም ከኬቲ/ቪ ጋር ያን ያህል ጠንካራ ግንኙነት አላገኙም።

ይጋጫሉ? እኔ አይመስለኝም። የታጠበ ልብስን አሥር ጊዜ ብታለቀልቁት ከዚያ በላይ አይነጣም፤ ያልታጠበውን አንዴ ማለቅለቅ ግን ልዩነት አለው። ትልልቆቹ ጥናቶች የተሠሩት አብዛኛው ሰው 1.2 ባለፈበት፣ ሦስቴ በሚታጠብበት አገር ነው። እዚያ «ተጨማሪ እጥበት ማሳከክን አይቀንስም» የሚለው ድምዳሜ ትክክል ሊሆን ይችላል። ያንኑ ድምዳሜ አንስቶ በሳምንት ሁለቴ በ1.0 ለሚታጠቡት ጋሼ መስጠት ግን ስህተት ነው።

ነገሩ የምቾት ጉዳይም አይደለም። በ2006 የታተመና በ12 አገሮች ከ18,000 በላይ ታጣቢዎችን የተከታተለ ጥናት 42 በመቶው ከመካከለኛ እስከ ከባድ ማሳከክ እንዳለባቸው፣ እነሱም ከሌሎቹ በ17 በመቶ የበለጠ የመሞት ዕድል እንዳላቸው አሳየ። ትልቁ ምክንያት እንቅልፍ ማጣት ይመስላል። ሌላ፣ በ2017 የወጣ ጥናት ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከሚያሳክካቸው ሰዎች ከስድስቱ አንዱ ገደማ ለማንም ጤና ባለሙያ እንዳልተናገረ አገኘ። ጋሼ ብቻቸውን አይደሉም።

በመጨረሻ ጋሼ ነገሩ። ነርሷ መዝገቡን ስታገላብጥ አንድ ነገር አየች። ጋሼ የሚታጠቡት በማታው ፈረቃ ነው፤ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣ ሚኒባስ እንዳይጠፋባቸው 40 ደቂቃ ሲቀራቸው ንቀሉኝ እያሉ ይወጡ ነበር። ለኔ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም፤ የቪንና የኬን ሒሳብ ሳሰላ ቲን እንደ ተሰጠ ነገር ነበር የቆጠርኩት። 200 ደቂቃ በ200 ሚሊ ሊትር 40 ሊትር ነው፤ ለ40 ሲካፈል 1.0። ወረቀቱ ላይ ያለችው ቁጥር የታክሲ ሰልፍ ናት።

ፎስፈረሳቸውም ከፍ ብሎ ተገኘ። ከምግብ ጋር የሚዋጥ ፎስፈረስ የሚይዝ መድኃኒት ታዘዘላቸው። ሽሮ እንዳይከለከሉ ፈርተው ነበር፤ ለሽሮ ሜዳ ሰው ከዚህ የባሰ ፍርድ የለም። እህል ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አብዛኛው ፋይቴት በሚባል መልክ ታስሮ ስለሚገኝ አንጀታችን በደንብ አይወስደውም፤ ይበልጥ የሚያሰጋው ፋብሪካ ውስጥ የታከለው፣ የለስላሳ መጠጥና የታሸገ ሥጋ ዓይነቱ ነው። ሐኪማቸው መጠኑን ወሰኑላቸው እንጂ ሽሮውን አልነጠቋቸውም።

የማታው ፈረቃ ወደ ጠዋት ተቀየረ። አሁን 240 ደቂቃውን ይጨርሳሉ። ባለፈው ያሳዩኝ ወረቀት 1.2 ይላል፤ አሁንም ሁለቴ ነው፣ ሦስተኛ ቀን ክፍት ቦታ የለም። ማሳከካቸውን ከዜሮ እስከ አሥር እንዲሰጡ ስጠይቃቸው የዱሮው ስምንት ነበር፣ ያሁኑ አምስት ነው አሉኝ። ሰዓቱና መድኃኒቱ በአንድ ወር ውስጥ ስለተቀየሩ የትኛው እንደሠራ መለየት አልችልም፤ ላብራቶሪ ቢሆን አማካሪዬ ይቆጡኝ ነበር። ጋሼ ግን ማግ ማጠንጠን ጀምረዋል፤ ሌሊት እስከ ስምንት ሰዓት እተኛለሁ ይላሉ።